ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ለምን ይለያያል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው ሰው እናቱን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለማምጣት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ቆርጧል። የርቀት ማስሊያ ገጽ ላይ ሁለቱን ከተሞች ሲያስገባ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራ ሰዓት 13 የሚል መልስ አገኘ። ቲኬቱ ግን ሌላ ይላል። መሄጃው ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ደለስ፣ የዋሽንግተን ኤርፖርት፣ ይገባል። መመለሻው ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ነው። ዝም ብሎ ሲቀንስ መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት ሆነበት። የጉዞ ወኪሉ በበኩሉ መሄጃው መሐል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ቆሞ 16 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ሳይቆም 13 ሰዓት ነው ብሎታል። የትኛውን ልመን፣ አንድ መንገድ በሁለት አቅጣጫ እንዴት የሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት ያመጣል፣ እናቴስ መሐል ላይ ስትቆም ምን ትሁን ሲል ጠየቀ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ስለሆነ መልሶቹን በቁጥራቸው ተከትዬ በራሴ ቃል አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1 ርቀቱን አጸደቀ። 11,550 ኪሎ ሜትር ከቦሌ ኤርፖርት እስከ ደለስ ኤርፖርት በምድር ክብነት ላይ የሚለካው አጭሩ መስመር ነው፤ በማይል 7,180 ገደማ፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል 6,240 አካባቢ። ማስሊያው የሚያደርገው ይህንን ርቀት ለ900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማካፈልና ለመነሻና ለማረፊያ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ብቻ ነው። ነፋስን አያውቅም፣ የተዘጋ ሰማይን አያውቅም፣ ነዳጅ ለመሙላት መቆምንም አያውቅም። ደለስ ራሱ ከዋሽንግተን መሐል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዳለም አስታወሰ።

መልስ 2 ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን ይዘገያል አለ።

መልስ 3 በቁጣ መጣ። አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም የሚበረው በዚሁ አየር ውስጥ ነው፤ የምድር መዞር በቀጥታ ሰዓት የሚጨምር ቢሆን ኖሮ አንድ ሄሊኮፕተር ቦሌ ላይ ተነስቶ ባለበት ቢንሳፈፍ አገሩ ከሥሩ በሄደ ነበር፤ ሳያጣሩ መጻፍ ሰው ያሳስታል ሲል ወረደበት። ቃሉ ቢጎረብጥም ነገሩ ትክክል ነው።

መልስ 4 ነገሩን አረጋጋው። የመልስ 2 ጸሐፊ ጥላውን አይቷል፣ ባለቤቱን ግን አላየም አለ። የምድር መዞር ሥራውን የሚሠራው በነፋስ በኩል ነው። በሰሜኑ የምድር አጋማሽ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በክረምቱ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በአትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያም ስሌት አስቀመጠ። አውሮፕላኑ ከሚቆምባቸው ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከአየርላንዷ ደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋስ ከሌለ በ900 ፍጥነት 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይወስዳል። የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ከመጣ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነቱ 800 ይሆንና ጉዞው 6 ሰዓት ከ50 ይደርሳል። ያው ነፋስ ከኋላ ከገፋ ፍጥነቱ 1,000 ሆኖ በ5 ሰዓት ከ28 ያልቃል። ውቅያኖሱን ለማቋረጥ ብቻ የአንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ልዩነት ማለት ነው። ለዚህም ሲባል የሰሜን አትላንቲክ የበረራ መስመሮች ቋሚ አይደሉም፤ በየዕለቱ የነፋሱ ትንበያ ታይቶ ለምዕራብ ሂያጆችና ለምሥራቅ ሂያጆች ለየብቻ ይወጣሉ።

መልስ 5 በዚህ አልረካም። ነፋሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስረዳ የቀረውስ፣ ለምን ይቆማል፣ መመለሻው ሳይቆም መድረስ ከቻለ መሄጃው ለምን አይችልም አለ። አየር መንገዱ መሐል ላይ ሰው ጭኖ ትርፍ ለማግኘት ነው የሚያቆመው የሚል ክስም ጨመረ።

መልስ 6 ላይ ክሩ ቁም ነገሩን አገኘ። ጸሐፊዋ ነገሩ ሁሉ ያለው ቦሌ ላይ ነው ብላ ጀመረች። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደለስ 95 ሜትር ብቻ። ቦሌ ላይ፣ የአየሩ ሙቀት 18 ዲግሪ ሲሆን፣ የአየሩ እፍጋት፣ ማለትም ጥቅጥቅነቱ፣ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ሦስት ጉዳት ያመጣል። ክንፍ የሚሸከመው አየርን ተደግፎ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነሳ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ለዚያው ክብደት 345 ያህል መድረስ አለበት። ሞተሩም የሚውጠው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መነሳቱ በመጨረሻው ሰዓት ቢሰረዝ ነው፤ ፍሬኑ የሚያቆመው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ጎማውም ገደብ አለው፤ የትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ ብዙውን ጊዜ የተፈተነው በሰዓት እስከ 378 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ የመሬት ፍጥነት ነው። የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። ረጅም ነው፣ ግን ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ሕጉ በተጨማሪ አንድ ሞተር በመነሻ ላይ ቢጠፋ በቀረው ሞተር በዙሪያው ያለውን ተራራ አልፎ መውጣት መቻልን ይጠይቃል፣ እንጦጦም እዚያው ነው። እነዚህን ሁሉ ለማሟላት ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ቀለል ብሎ መነሳት።

መልስ 7 የመልስ 6ን ነገር ወደ ቶን ለወጠው። በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው እርሳስ ይዞ ሊደግመው ይችላል። ለምሳሌ ቦይንግ 787-8 የተባለውን አውሮፕላን ወሰደ። ባዶ ክብደቱ ከነመቀመጫና ሠራተኛው 120 ቶን ገደማ፣ በባሕር ወለል የሚነሳበት ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ገደማ፣ ነዳጅ የሚፈጀው በሰዓት 5 ቶን ያህል። 270 ሰው ከነሻንጣው በነፍስ ወከፍ 100 ኪሎ ቢታሰብ 27 ቶን ነው። ከቦሌ ደለስ ሳይቆም ቢሄድ፣ የፊት ለፊቱ ነፋስና የመንገዱ መዞር ታስቦ፣ 14 ሰዓት ተኩል ቢወስድ 72 ቶን ተኩል ነዳጅ ይፈልጋል፤ ለመጠባበቂያና ለአማራጭ ኤርፖርት 7 ቶን ይጨመር። ድምሩ 226 ቶን ተኩል ነው። ይህ በባሕር ወለል እንኳ ጫፍ የነካ ክብደት ነው፤ ቦሌ ላይ የማይታሰብ ነው። ደብሊን ድረስ ከሆነ ግን 8 ሰዓት በ5 ሲባዛ 40፣ መጠባበቂያ 7፣ ሰውና ሻንጣ 27፣ አውሮፕላኑ 120 ተደምሮ 194 ቶን ብቻ ነው። መመለሻውም በዚሁ ሂሳብ ይፈታል፦ 13 ሰዓት 65 ቶን፣ ከቀረው ጋር 219 ቶን፤ ደለስ ደግሞ ባሕር ወለል ላይ ያለ ያህል ስለሆነ ይህን ይዞ ይነሳል። ለመልስ 5ም በዚያው መለሰለት። የቆመው 30 ቶን ነዳጅ ቦሌ ላይ ስላልተነሳለት ነው።

መልስ 8 ሂሳቡን አክብሮ ተቃወመ። ጆሃንስበርግ 1,694 ሜትር ላይ ነው፣ ከዚያ አትላንታ 13,580 ኪሎ ሜትር ነው፣ የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ ግን ሳይቆም ይበራል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከዚያ 2,000 ኪሎ ሜትር ያጥራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣም ረጅም የሚበረውን ቦይንግ 777-200ኤልአር ይዟል፤ ታዲያ ምን ጎደለ አለ።

መልስ 9 ተቃውሞው ጥሩ ነው ብሎ ተቀበለና ሁለት ልዩነት አሳየ። ጆሃንስበርግ ከቦሌ 640 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ትልቁ መንደርደሪያውም ከ4,400 ሜትር በላይ ነው፤ 600 ሜትር ትርፍ መንደርደሪያ ብዙ ቶን ማለት ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ከቦሌ ሳይቆሙ ወደ ምዕራብ መብረር በምንም አውሮፕላን አይቻልም የሚል ሰው የለም፤ መቀመጫ ባዶ ትቶ፣ ጭነቱን ጥሎ ከሆነ ይቻላል። ያንን ያህል ባዶ መቀመጫ ይዞ በየቀኑ መብረር ግን ለማንም አያዋጣም። ነዳጅ ራሱን ለመሸከም ነዳጅ ይበላል፤ በእንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ቶን ከ3 ቶን በላይ ለሸክሙ ብቻ ይቃጠላል። በአንድ ሰዓት ተኩል መቆሚያ ሙሉ አውሮፕላን ማድረስ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

መልስ 10 አጭር ናት። ቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ ሳይቆም ይሄዳል፣ ሲመለስ ግን በካንኩን በኩል ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,230 ሜትር ላይ፣ ካንኩን ባሕር ዳርቻ ነው። ቦሌ ብቻውን አይደለም።

መልስ 11 መቆሚያዎቹን በርቀት አነጻጸረ። ባለፉት ዓመታት በሮም፣ በደብሊንና በቶጎዋ ሎሜ በኩል ተሂዷል። ብዙ ሰው ደብሊን መንገዱን በጣም የሚያጣምም ይመስለዋል፤ ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ደለስ 5,460፣ ድምሩ 11,825 ኪሎ ሜትር፤ ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ275 ብቻ ነው። በሮም በኩል 11,710 አካባቢ ይሆናል። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600 ተደምሮ 12,750 ይደርሳል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ትርፍ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከሩብ በላይ። ስለዚህ ቲኬት ሲቆረጥ መቆሚያው የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል አለ። የጠያቂውን 16 ሰዓት ተኩልም ከፋፈለው፦ እስከ ደብሊን 7 ሰዓት ተኩል እስከ 8፣ መቆሚያው ከ1 ሰዓት እስከ 1 ተኩል፣ ከደብሊን ደለስ ከመንደርደሩና ከማረፉ ጋር 7 ተኩል ገደማ።

መልስ 12 ስለ ሰማዩ ጻፈ። አጭሩ መስመር ከቦሌ ተነስቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቱኒዚያ ደቡብና በአልጄሪያ አልፎ ስፔንን ያቋርጣል፤ የጉዞው እኩሌታ የሚውለው ፖርቱጋል ላይ፣ ከሊዝበን ሰሜን ነው። የሱዳን ሰማይ ግን ጦርነቱ ከጀመረበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው፣ ሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ይሸሻሉ። ዙሪያውን መሄድ ግድ ነው። ለማስላት የሚመች ልክ ሰጠ፦ እያንዳንዱ 225 ኪሎ ሜትር ዙር 15 ደቂቃና ከአንድ ቶን በላይ ነዳጅ ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረ የበረራ ሰዓት ይዞ የሚከራከር ሰው በዚህ ምክንያት ይሳሳታል።

መልስ 13 ወደ ጠያቂው ቁጥሮች ተመለሰች። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ናት። ዋሽንግተን በፈረንጅ አቆጣጠር ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእናትየው ጉዞ ልዩነቱ 7 ሰዓት በሚሆንበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከቦሌ 22:30 ሲሆን ዋሽንግተን 15:30 ነው፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ 08:00 ሲቆጠር 16 ሰዓት ተኩል። ሲመለሱ ከደለስ 11:00 ሲሆን አዲስ አበባ 18:00 ነው፤ ከዚያ እስከ 07:00 ልክ 13 ሰዓት። ወኪሉ ትክክል ነበር። አንድ ወጥመድም አሳየች። አየር መንገዶች የበጋና የክረምት ፕሮግራማቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ነው፣ አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይርበት ቀን ግን ከዚያ ይለያል። በመካከል ባሉት ሳምንታት የሚጓዝ ሰው ቲኬቱን እንደገና ያረጋግጥ።

መልስ 14 ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። ትልቁን ነገር ማንም አላነሳም ብሎ ተቆጣ፤ አገር ቤት ያሉ ወላጆች በፈረንጅ ሰዓት አይቆጥሩም። 22:30 ማለት ማታ 4:30 ነው፣ በግልጽ ተጽፎ ይሰጣቸው። ከዚያ የባሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ነው። ቲኬቱ በ12ኛው ቀን 00:15 ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር የ11ኛው ቀን ሌሊት 6:15 ነው። በ12ኛው ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቁጣው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ይህ ስህተት ሙሉ ቲኬት ያስከፍላል።

መልስ 15 ስለ እናትየው አሰበ፣ ክሩም እዚህ ላይ ለሰለሰ። ነዳጅ መሙያው ላይ ቀጣይ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከወንበሩ አይወርድም፤ መብራት ይበራል፣ የጽዳት ሠራተኛ ይገባል፣ ሠራተኛ ይቀየራል። ደርሰናል ብለው ዕቃቸውን አውርደው የሚነሱ እናቶች ስላሉ ከመነሻው ይነገራቸው። የሚወስዱት መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይግባ። መድኃኒቱ በሰዓት የሚወሰድ ከሆነ፣ የስኳርም ሆነ የደም ግፊት፣ ከሐኪም ጋር በሰዓት ብዛት ይታቀድ እንጂ በግድግዳ ሰዓት አይሁን፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ቀኑ ስለሚረዝም። መተላለፊያው በኩል ያለ መቀመጫ ይመረጥ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ጠበቅ ያለ ካልሲ ከሐኪም ጋር ተማክረው ይያዙ። ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይጠየቅ፤ ደለስ ላይ የሚረዳቸው ሰው ወረቀቱንም ስለሚያሳያቸው ቋንቋ ለማይችሉ ትልቅ እፎይታ ነው።

መልስ 16 ከዚያው ተነስቶ ወደ ሻንጣ ገባ። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና እንዲሁ፤ ቋንጣ ግን አይገባም፣ ሳያስመዘግቡ መያዝ ቅጣት ያመጣል፤ የሚበላ ነገር ሁሉ ለአሜሪካ ጉምሩክ ይነገር አለ።

መልስ 17 ወሬው የበረራ ሰዓት እንጂ የበርበሬ አይደለም ብሎ ገሠጸ። መልስ 18 ደግሞ ለጠያቂው ከጄት ስትሪሙ ይልቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው ብላ መለሰችለት፣ የመቀበያውንም ነገር አከለች። አውሮፕላኑ 08:00 ካረፈ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሊወስድ ይችላል። መኪናውን ደጁ ላይ ከመገተር ስልክ እስኪደወል የሚጠበቅበት ነጻ ማቆሚያ ደለስ ላይ አለ። መኪና የሌለው ሰው ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በሲልቨር መስመር ባቡር ይደርሳል። ያረፈበትን ትክክለኛ ሰዓት ለማወቅ የበረራ መከታተያ ይታይ፤ ቀድሞ የሚገባበትም ቀን አለ፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ለደካማም ለኃይለኛም ነፋስ መካከለኛውን ይዞ የተሠራ ነው።

መልስ 19 በረራዎቹ ማታ የሚነሱት ለምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ራሱም ግማሹን መለሰ። ሌሊት 10 ዲግሪ ሲሆን አየሩ በቀን 24 ዲግሪ ካለው በ5 በመቶ ያህል ይበልጥ ጥቅጥቅ ይላል፣ ይህም ቶን ያስጨምራል። ለመልስ 6 ጸሐፊ ግን ይህ ብቻ አልመሰላትም። ቀን ከአፍሪካ ከተሞች የተሰበሰበው መንገደኛ ማታ ቦሌ ላይ ተገናኝቶ ወደ አውሮፓና አሜሪካ እንዲበተን ፕሮግራሙ የተሠራው በዚያ ሰዓት ነው፤ ቅዝቃዜው ተጨማሪ ጥቅም ነው አለች።

መልስ 20 ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ነገሩን ሁሉ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ መቆም ይቀራል ብሎ ተስፋውን ጻፈ።

መልስ 21 የመልስ 7 ጸሐፊ ነው፣ እንደ ልማዱ በቁጥር ተመለሰ። ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህ በ4 በመቶ ገደማ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ አየር ይሰጣል፣ በእሱ ላይ የመንደርደሪያው ርዝመት ይጨመራል። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን 1,900 ሜትር ገደማ አሁንም ከጆሃንስበርግ ይበልጣል፣ ነፋሱም አድራሻውን አይቀይርም። 787-8 ሙሉ ሰው ይዞ ከዚያ ሳይቆም ደለስ ይገባል ብሎ አይጠብቅም፤ ከዚያ የሚበልጥ ክብደት ይዘው የሚነሱት እንደ ኤርባስ ኤ350 ያሉት ግን በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ጭነቱን ቀነስ አድርገው፣ ሊደፍሩት ይችላሉ። የመንደርደሪያውን ርዝመትና የዙሪያውን ተራራ ከፍታ የያዘ ሰው ካለ ሂሳቡን አብረን እንሥራ ሲል ጋበዘ።

መልስ 22 ከጠያቂው ነው። ለእናቱ ማታ 4:30 ብሎ በትልቁ ጽፎ እንደላከ፣ መድኃኒቱንም ከሐኪሟ ጋር ሊያስተካክል ቀጠሮ እንደያዘ ገልጾ፣ መቆሚያው ደብሊን ይሁን ሎሜ ወኪሉን ሊጠይቅ መሆኑን አሳወቀ።

መልስ 23 ወኪሉ በቃል ከሚነግርህ ይልቅ የበረራ ቁጥሩን መከታተያ ላይ አስገብተህ ያለፈውን ሳምንት ተመልከት አለው። የት እንዳረፈ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ ደለስ በስንት ሰዓት እንደነካ በየቀኑ ተመዝግቦ ይገኛል። የሰባቱን ቀን ሰዓት ያየ ሰው ከየትኛውም ማስሊያ የተሻለ ግምት ይይዛል።

መልስ 24 ያንኑ በጉዞው ዋዜማ ድገመው አለ፤ የነፋሱም የመስመሩም ነገር በአንድ ሳምንት ይለወጣል።